የማን ነው ይሄ ፌስታል?

ይህን ወሬ በየቡናው ላይ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ከጅግጅጋ ስንመለስ አንዲት ነጋዴ የኮንትሮባንድ ዕቃዋን አሸክማኝ፣ ኬላ ላይ ልታስይዘኝ ስትል በብልጠቴ እንዴት እንዳመለጥኩ ነው ወሬው። የፈታሹን አነጋገር እየኮረጅኩ፣ የሴትዮዋን አማርኛ እያጣመምኩ አወራዋለሁ፤ ሰው ይስቃል። «እኔ ምን አገባኝ፣ የሷ ነው!» የምለው ጋ ስደርስማ ሳቁ ይበረታል። ውሸት አለበት አይባልም፤ የተቆረጠው ነው የበዛው። ዛሬ የምጽፈው የቆረጥኩትን ነው።

ጉዞው በ2016 ሚያዝያ ነበር። አራት ጓደኛሞች ነን፦ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ካሜራ አንገቱ ላይ ካላንጠለጠለ ከቤት የማይወጣ፣ እኔ አራተኛው። የተነሳነው ለሐረሩ ሹዋሊድ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ስላሰፈረው «ዘንድሮ ያላየው ቀረበት» ይባል ነበር። መምህሩ ደግሞ እግረ መንገዳችንን ሶማሌ ክልልን ካላየን ሞቼ እገኛለሁ አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጅግጅጋ? ምን ልትሠራ?» አለችኝ። በሐምሌ 2010 መጨረሻ በከተማዋ ሰው የተገደለበትን፣ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትን ሁከት ከቴሌቪዥን ፊት ሆና አልቅሳ ነበር፤ ለሷ ጅግጅጋ እዚያ ቀን ላይ ቆማ ቀርታለች። «እማዬ፣ ያ እኮ አለፈ» አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ የሷን ፍርሃት እኔም ይዤው ሄጃለሁ።

ከለቡ በባቡር ወጣን። ሚኤሶን ካለፍን በኋላ መሬቱ ይነጣል፣ ግራሩ ያጥራል፣ ግመሎች አንገታቸውን አስረዝመው ባቡሩን ያያሉ። ሲቲ ዞን መግባታችን ነው። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱው ምክንያት ነው። እኛ ድሬ አድረን በማግስቱ ወደ ሽንሌ ሄድን፤ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሽንሌ ለጎብኚ ብላ የምታሳየው ነገር የላትም። ሙቀት፣ አቧራ፣ ፍየሎች፣ አሮጌው ሐዲድ፤ ሻይ የምትሸጥ ሴት። መምህሩ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። የኢሳ ማኅበረሰብ በቃል የሚተላለፍ ሕግ አለው፤ ሄር ኢሴ ይባላል። የአገር ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከደም ጉዳይ እስከ ግጦሽ የሚዳኝበት ነው። ከኛ ጉዞ በኋላ፣ በኅዳር 2017፣ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ሆኖ እሱም ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል።

ሻይ ቤቱ አጠገብ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋር፣ አንድ የሰፈሩ ልጅ እያስተረጎመልን ወግ ጀመርን። መምህሩ እንደ ልማዱ ጠያቂ ነው፦ «አንድ ሰው የሰው ግመል ቢያጠፋና ከልቡ ይቅርታ ቢጠይቅስ?» አላቸው። አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። ይቅርታው መልካም ነው አሉ። ከዚያ ፍጥጥ ብለው አዩትና ጠየቁት። ልጁ ሲተረጉመው እየሳቀ ነበር፦ «ግመሉስ?»

ለእኛ ቀልድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያረፈደ ሰው «ይቅርታ» ሲል «ግመሉስ?» ይባላል። የሻይ ሒሳብ ሳይከፍል የተነሳ ሰው «ግመሉስ?» ይባላል። ጉዞው ሁሉ ግመል በግመል ሆነ።

ሹዋሊድን ብዙዎች ጽፈውታል፤ እኔ አላበዛውም። ከዒድ በኋላ፣ በተለይ ሴቶች፣ ስድስት ቀን ይጾማሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ሐረር ታብዳለች። አው ሹሉም አሕመድና አው አክባራ በሚባሉት ቅዱሳት ስፍራዎች ሌሊቱን በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ ዝክር ይቆማል፤ ከጀጎል ውጭና ውስጥ ቀለም የለበሰ ሕዝብ ይፈስሳል። ካሜራ ያለው ጓደኛችን ባትሪው አልቆ ሲያዝን አስታውሳለሁ። እኔን ያስገረመኝ ማንም ሰው ከየት መጣችሁ፣ ምን ትፈልጋላችሁ ሳይለን መሐል ገብተን መቆማችን ነው። ለማንም እንግዳ አልሆንንም።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲኬድ ባቢሌ፣ ቀጥሎ ዳካታ አለ። ዳካታ ላይ አንዱ ድንጋይ በሌላው ራስ ላይ ተሰክቶ፣ ነፋስ ሲነፍስ የሚወድቅ እየመሰለ ዘመን ያስቆጠረበት ሸለቆ ነው። ከዚያ ካራማራ። በመስከረም 1970 ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ፣ በዚያው ዓመት የካቲት 26 የተመለሰችበትን ድል ስም የሰጠው ተራራ ነው። ከጫፉ ላይ ቁልቁል ስታዩ ሜዳው ተዘርግቶ ጅግጅጋ መሐሉ ላይ ተንጣልላለች። በ1980ዎቹ የክልሉ መቀመጫ ከጎዴ ወደዚህ ከዞረ ወዲህ እየሰፋች ነው የሄደችው፤ ባጃጁ፣ ፎቁ፣ ግንባታው።

እናቴ የፈራችልኝን ከተማ ፈልጌ አጣሁት። የመድኃኒት ቤት አቅጣጫ የጠየቅነው ባለሱቅ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ እጃችንን ይዞ ወሰደን። ምሳ ቤት ገብተን፣ ያኔ ዐቢይ ጾም ስለነበር፣ «ጾመኛ ነን» ስንል አስተናጋጁ ሳይገረም ሩዝ፣ አትክልትና ሙዝ አመጣ። ሙዙን ለብቻው በኋላ እንበላዋለን ብለን አስቀመጥነው፤ በሩዙ ላይ ቆርሰን እንድንበላ ያሳየን እሱው ነው። ማታ ማታ ነፋሱ ብርድ አለው፤ ሰው ውጭ ተቀምጦ የግመል ወተት የገባበት ሻይ ይጠጣል። እኔ ጾሙን ምክንያት አድርጌ አንድም ቀን አልቀመስኩም። ካሜራማኑ «ሻይ ውስጥ ያለ ጠብታ ምን ይቆጠራል» ቢለኝ ዐሥር ቃል ተናግሬ ገሠጽኩት። ጾሜን እንዴት አጥብቄ እንደጠበቅኩ ሳስብ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ቶጎ ውጫሌ አለች፤ ከወዲያ ማዶ ሶማሌላንድ። ዕቃ በበርበራ ወደብ ይራገፋል፣ በሐርጌሳ አልፎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚገባው በቀረጥ ይገባል፣ የማይገባው ያለ ቀረጥ። ዋጋው ከአዲስ አበባው ጋር አይቀራረብም። እኛም መቋቋም አልቻልንም። የሒሳብ ሠራተኛው ሁለት ስልክ፣ ካሜራማኑ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ እኔ ጫማና ሽቶ፤ መምህሩ ብቻ አንድ ኪሎ ቴምር። ደረሰኝ የጠየቀ የለም፣ የሰጠም የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ስንመለስ የተሳፈርነው በቅጥቅጥ ነው። መናኸሪያው ውስጥ መኪናው ሳይሞላ አንዲት ሴት በየወንበሩ እየዞረች ዕቃ ታድላለች። ዕድሜዋ ወደ አርባዎቹ ይሆናል፤ ጂልባብ ለብሳለች፤ አማርኛዋ ሶማልኛ ሶማልኛ ይላል እንጂ የተሟላ ነው። አሠራሩን ያ መንገድ የለመደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው ዐሥር ድሪያ ከያዘ ነጋዴ ነው፤ ዐሥር ሰው አንዳንድ ከያዘ ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው ይካፈልላታል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጃኬት ደራርበው ለበሱላት፤ አንዷ ልጅ ያዘለች እናት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በልጇ ልብስ መሐል ከተተችላት። ማንም አልተለመነም፤ ማንም አልተከፈለውም።

እኔ ጋ ስትደርስ ጥቁር ፌስታል ዘረጋችልኝ። ሦስት ድሪያና ጥቂት የሽቶ ካርቶን ነው። «ወንድሜ፣ ሐረር ስንደርስ ትሰጠኛለህ። ከጠየቁህ ለእህቴ ነው በል» አለችኝ። «ችግር የለም» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ከአገሬው ሰው እኩል መቆጠሬ ነው። ካሜራማኑ ካራማራን ማንሳት ሲፈልግ ደግሞ መስኮት ዳር ከነበረው ቦታዋ ተነስታ አስቀመጠችው።

ካራማራን ተሻግረን ካሉት ኬላዎች በአንዱ ገመዱ ተዘርግቶ ቆምን። የገባው ፈታሽ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ቁጣ የለውም። በወሬዬ ላይ ሁልጊዜ የማጋንነው እዚህ ላይ ነው፤ አስፈሪ አደርገዋለሁ። ሰውዬው ግን አስፈሪ አልነበረም። በእግሮቼ መሐል ያለውን ፌስታል በዱላው ጫፍ ነካ አደረገና «የማን ነው ይሄ ፌስታል?» አለ።

ለእህቴ ነው ማለት ነበረብኝ፤ እህትም አለችኝ። ሦስት ድሪያ ለአንድ እህት አይበዛም። «የኔ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ የማን ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። መኪናው በሙሉ ዝም ብሏል። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፤ አላየሁም፣ አላውቅም ብል ነገሩ አንድ ፌስታል ላይ ያልቃል። እኔ ግን ዞሬ በጣቴ አሳየሁ። «የሷ ነው። እኔን ያዝልኝ ብላኝ ነው» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት።

ፈታሹ ያኔ ወደሷ ሄደ። ከወንበሯ ሥር ያለውን ማዳበሪያ አስወጣ፤ በዚያ ውስጥ ያለው ከኔ ፌስታል ብዙ እጥፍ ነው። የሌሎቹን ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። ሽማግሌው ስለ ጃኬቱ ሲጠየቁ «ብርዱ ነው ልጄ» አሉ። ልጅ ያዘለችው እናት ቀና ሳትል «የልጄ ነው» አለች። እነዚህን ሰዎች ሊያዋክባቸው አልፈለገም መሰለኝ፣ አለፋቸው። የኛን ሻንጣ ሊከፍት ጎንበስ ሲል የሒሳብ ሠራተኛው «ለሹዋሊድ መጥተን ነው፣ ከአዲስ አበባ» አለው። ፈታሹ ፈገግ አለ። «እንዴት ነበር በዓሉ?» አለንና ሻንጣውን ሳይከፍት ሄደ። ከሻንጣው ውስጥ ያለው ስልክና ሽቶ እሷ ከገዛችበት ድንበር የተገዛ፣ እንደሷ ዕቃ ቀረጥ ያልተከፈለበት ነው።

ሕግ አስከበርክ እንጂ ምን አጠፋህ የሚለኝ አይጠፋም፤ ራሴንም እንዲያ ብዬው አውቃለሁ። ኮንትሮባንድ መልካም ነው አልልም። ቀረጡን ከፍሎ የሚነግድ ሰው ከሱ ጎን እንዴት ይቆማል? የአገር ገቢስ? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያን ሰዓት ግን ሕግ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝ ሻንጣዬን ራሴ ከፍቼ አሳይ ነበር። የፈራሁትም እስር አይደለም፤ ለሦስት ድሪያ የታሰረ መንገደኛ አልሰማሁም። የፈራሁት ፈታሹ እሷና እኔን አንድ አድርጎ እንዳያየን ነው። «እኔ ከሷ አይደለሁም» ለማለት ነው የጠቆምኩት። አማርኛዬ፣ ልብሴ፣ ከአዲስ አበባ መምጣቴ እንደ ይለፍ ወረቀት እንደሚያገለግሉ ሳላውቀው አውቅ ነበር፤ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁ፤ ሠራልኝ።

ስትወርድ በኔ በኩል አለፈች። ሰው ሲስቅልኝ የኖረው ይህችን ቦታ ዘልዬ ነው። አልተሳደበችም። ቆም ብላ «እህት የለህም እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄ ነበር፤ መልስ የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወረደች። ዕቃዋን ልትለምን ስትቀር ገመዱ ወርዶ እኛ ሄድን።

ባቢሌ እስክንደርስ ከኛ ጋር ያወራ ሰው አልነበረም። እኔ ዝምታው ሲከብደኝ «ታሳዝናለች ግን» አልኩ። መምህሩ በመስኮት እያየ «ግመሉስ?» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሐረር መናኸሪያ ስንገባ አንዲት ወጣት ልጅ ትጠብቅ ነበር። የሴትዮዋ ልጅ ናት። ረዳቱ በስልክ ነግሯት ይሁን እናትየው አላውቅም፣ ማን ምን እንደያዘ ታውቃለች። ሽማግሌው ጃኬቶቹን አውልቀው፣ ኮሌታውን አስተካክለው፣ አጣጥፈው ሰጧት። ቆርቆሮው ተሰጣት። አንዱ ከጫማው ውስጥ የሰዓት ካርቶን አወጣ። ሁሉም ሰጥቶ፣ ሁሉም «አይዞሽ» ብሎ ሄደ። ልጅቷ ወደኛ መጣችና እጇን ዘረጋች። «እናንተ ጋ አንድ ፌስታል አለ ብላኛለች» አለች። እናትየዋ ይህን የነገረቻት ከመናኸሪያ ስንነሳ ነው ማለት ነው፤ ኬላው ላይ የሆነውን ገና አልሰማችም።

«እኛ ጋ የለም» አልኩ።

ልጅቷ ጓደኞቼን አየቻቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ስልኩን ነካካ። ካሜራማኑ ቦርሳውን አነሳ። መምህሩ የገዛውን ቴምር ከነካርቶኑ ሰጥቷት ሄደ፤ ምን ብሎ እንደሰጣት አልሰማሁም። እሷ ዕቃው ከእናቷ የመጣ መስሏት ከጃኬቶቹ ላይ ደረበችው። ረዳቱ ሻንጣ ሲያወርድልኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ሴትዮዋ ሸዋ በር ገበያ እንደምትሸጥ፣ ባሏ እንደሞተባትና በዚያ መንገድ ሁሉም እንደሚያውቃት ነገረኝ። ለምን እንደነገረኝ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያ ቡናው፣ ወሬው፣ ሳቁ። ወሬው እየተሻሻለ ሄደ። ሦስት ድሪያ የነበረው ፌስታል ትልቅ ሻንጣ ሆነ። ሴትዮዋ ተንኮለኛ ሆነች፤ እኔ ላይ ሆን ብላ እንደጣለችብኝ ማውራት ጀመርኩ፤ ቆይቶም አመንኩት። ሰዉም ይቀበለዋል፤ «እነሱማ» ብሎ ሌላ ታሪክ የሚቀጥል አይጠፋም። እናቴም ሰምታ «አላልኩህም?» አለችኝ። ሩዝ ላይ ሙዝ ያሳየንን፣ ሱቁን ትቶ መንገድ ያሳየንን ሰው እንኳ ልነግራት ስጀምር አልሰማችኝም። ጅግጅጋን ከዚያች የሐምሌ ቀን ላይ ላስነሳላት እችል ነበር፤ እኔ ጭራሽ ሌላ ማስረጃ ጨመርኩላት። መምህሩ ወሬውን ስጀምር ለስልክ ይነሳል።

በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በየቡናው የምለውን ሳይሆን ይህኛውን። ማጽናኛም ይዤ ነው የሄድኩት፤ ጴጥሮስም ክዷል፣ ምሮታል። ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «ጴጥሮስ አላውቀውም አለ እንጂ በጣቱ አልጠቆመም» አሉ። ቀጥለው ስግደትና ጾም ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ የጠየቁኝ ሌላ ነው፦

«ዕቃው ስንት ያወጣ ነበር?»

አላውቅም አልኳቸው። ጠይቅ አሉኝ። የፌስታሉን ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያውንም። ለቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ልስጥ ብላቸው ተቆጡ፤ «ገንዘቡ የሷ ነው፤ እግዚአብሔርን ምን አስበደረህ?» አሉኝ። አንድ የማውቀውን የልብስ ነጋዴ ጠይቄ ግምቱን ጻፍኩት። ከደመወዜ የማይወጣ አይደለም፤ ከጫማዬና ከሽቶዬ ጋር የሚቀራረብም አይደለም።

ሰው እንዴት አድርጌ ላግኛት ይላል። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም። ሸዋ በር ሐረር ውስጥ አንድ ገበያ ነው፤ የዚያ መኪና ረዳትም መንገዱም አሉ። መምህሩን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉዞው ስናወራ የመጀመሪያችን ነው። «አብሬህ እሄዳለሁ፣ መቼ ነው?» አለኝ። ጾም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አልኩት። ፋሲካ አለፈ። ቀጥሎ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ አይመችም አልኩ። መንገዱ አስፋልት ነው።